ያላጎነቆለው ድንች

አስገር ብሪክስ የተገኘው በቪድስትሩፕ መጦሪያ ቤት የድንች ጓዳ ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ዓይኑ እንደተከፈተ ጣሪያውን ያያል። ከራሱ ሥር የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ረግቶ ጠቁሯል። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በሕይወት ሳለ የማዘጋጃ ቤቱ የምግብ አማካሪ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የሚቀርብ ምግብ ሁሉ መርዝና ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ያልነካው፣ ኦርጋኒክ የሚሉት ዓይነት እንዲሆን የወጣውን ደንብ በየወጥ ቤቱ እየዞረ የሚያስፈጽም ሰው።

መርማሪው ቪጎ ራስክ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ጮኸ። ጡረታው ደርሷል። ዕድሜውን በሙሉ ፖሊስ ቤት ሲያገለግል፣ ሹመት በመጣ ቁጥር ወረቀት ያለው ይቀድመው ነበር። ሪፖርት አጻጻፍ ያስተማረው ሚከል የሚባል ልጅ ዛሬ አለቃው ነው። «የተማረ ይግደለኝ» ይላል ሰው፤ ቪጎን ግን የተማሩት ቀስ እያሉ ነበር የገደሉት። ሽማግሌ አልጋው ላይ ሲሞት፣ ሰካራም ቦይ ውስጥ ሲገኝ የሚላከው እሱ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«ቪጎ፣ ወድቆ ነው አይደል?» አለ ሚከል።

«ገና እያየሁት ነው።»

«ከንቲባዋ ዛሬ ለምሳ እዚያ ልትመጣ ነበር፤ ደንቡን ላሟላ ወጥ ቤት የሚሰጠውን የብር ሰሌዳ ልትሰቅልላቸው። ጋዜጠኛ ሳይሰበሰብ ‹አደጋ› ብለህ ጨርሰህ ና። የሚታይ ነገር የለውም።»

«የሚታይ ነገር ከሌለው እኔን ምን አስላከህ?» አለና ዘጋበት።

ከሟቹ የካፖርት ኪስ አንድ ድንች አወጣ። ቆዳው እንደ አሮጊት ጉንጭ የተጨማደደ፣ አፈር የለበሰ፣ ከየዓይኑ ነጭ ጉንቁል የወጣበት ድንች ነው። ቪጎ አገላብጦ አየውና በግድግዳው ጥግ ወደተደረደሩት ጆንያዎች ዞረ። ሁሉም ላይ «ኤቫልድ ሞሴ፣ ቪድስትሩፕ» የሚል ጽሑፍና ቀዩ የኦርጋኒክ ማኅተም አለ። አንዱን ፈታ። በውስጡ ያለው ድንች ልሙጥ ነው፤ ታጥቦ የጠራ፣ አንድም ጉንቁል የሌለው። ሌላውን ፈታ፤ እንደዚያው።

በትንሿ መስኮት ሥር አፉን ከፍቶ የቆመ ጆንያ አለ። ከላይ ያሉትን ድንቾች ጨበጥ ሲያደርጋቸው ውኃ ተንዠቀዠቀ፤ ውስጣቸው ጠቁሯል። ውርጭ የመታው ድንች ነው። በታች ያሉት ግን ደህና ናቸው። መስኮቷ አሁን ተዘግታለች፤ ብርሃን እንዳይገባ የተጋረደባት ጥቁር ጨርቅ ግን በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል።

ወጥ ቤት ገባ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ዳግኒ ጥቁር ዳቦ ትቆርጣለች። ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ በሙቅ ውኃ የቀላ ሴት ናት።

«ሰው ሞቶ ሥራ አይቆምም?» አላት።

«ሽማግሌዎቹ አልሞቱም፤ ይርባቸዋል» አለች ቀና ሳትል።

«ያገኘሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ለምሳ ድንች ላወጣ ወርጄ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...» ቢላዋውን አስቀመጠች። «መስኮቱን ዘጋሁ።»

«መስኮቱን?»

«ተበርግዶ ነበራ! ውርጩ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል። ሰው ሞቶ እያየሁ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ መስኮቱ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ማን ከፈተው?»

«እኔ እዚህ ከገባሁ ተከፍቶ አያውቅም። የጓዳው ቁልፍ ያለው እኔና ቦዲል ጋ ብቻ ነው፤ ኃላፊያችን ጋ።»

«ድንቹ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ጆንያው ላይ ተጽፏል።»

«ማንበብስ ችያለሁ። የጠየቅኩሽ ስለ ድንቹ ነው። ሚያዝያ ገብቶ ድንች እንዲህ እንደ ሕፃን መቀመጫ ሲለሰልስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ዳግኒ ፊቷ እንደ እጇ ቀላ። «እኔ የመጣልኝን እልጣለሁ፣ እቀቅላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ምን ልበል? ‹የብሩን ሰሌዳ እስከ ፋሲካ ያላገኘ ወጥ ቤት ይዘጋል› ብለው ወሰኑብን። ከተዘጋ ምግቡ ከፋብሪካ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ አንድ ሰዓት በመኪና ተጉዞ። እነዚህ ሰዎች እኮ የቀራቸው ነገር ጠዋት የሚሸታቸው ሽንኩርት ብቻ ነው። እሱን ልንነጥቃቸው?»

ቪጎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

በኮሪደሩ ዳር የአንድ ክፍል በር ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው፤ መስኮቱ ወለል ብሎ መጋረጃው በንፋስ ይርገበገባል። ከበሩ ላይ አንዲት ነጭ ፀጉሯን የጠቀለለች አሮጊት ቆማ ታጉረመርማለች።

«ማሞቂያው እየነደደ መስኮት ይከፍታሉ! ቤታቸው ቢሆን ያደርጉታል? በእኛ ግብር እኮ ነው!»

ዩርዲስ የምትባል ተንከባካቢ አንሶላ ታቅፋ ወጣች። «ወይዘሮ ሪግሞር፣ ሆልገር እኮ ትናንት ማታ አረፈ። ነፍሱ እንድትወጣ ነው የከፈትነው።»

«ነፍስ? ምን ዓይነት ጉድ ነው? በስንት ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም!»

«እዚህ ቤት ሰው ሲሞት ሁሌም እንዲህ እናደርጋለን። የምትከፍተው ቦዲል ናት፤ በወጣትነቷ የሌሊት ተረኛ ሆና ከገባች ጀምሮ። ትናንት ግን ብጠራት ብጠራት አጣኋት። እኔው ከፈትኩለት።»

ቪጎ ሊያልፍ ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ፣ ቆይ። ራስክ አይደለህም? የጫማ ሰፊው ልጅ! ሰባተኛ ላይ ያቆምከው?»

«እኔው ነኝ፣ መምህር።» ይህች ሴት ድርሰቱን ክፍል ፊት አንብባ ልጆቹን ካሳቀችበት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆን ነው። ዛሬ የተጧሪዎቹ ቤተሰቦች ሸንጎ ሊቀመንበር ናት፤ ባሏ እዚህ ይጦራል።

«ፊደል አጣጣልህ ተሻሻለ?»

«አሁን ኮምፒውተር ነው የሚጥለው። ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«እንዴት አላውቀው! ደንቡን ያመጣነው እኮ እኔና እሱ ነን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ‹ወላጆቻችን መርዝ አይብሉ የምትሉ› ስል አንድ የቀረ እጅ አልነበረም። አንድም!»

«እና ባልዎ እንዴት ነው፣ ምግቡን ወደደው?»

የእጅ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ቪጎ ግን ውስጡ ያለውን ቀድሞ አይቶታል፤ ከገበያ የተገዛ፣ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ርካሽ የጉበት ቅባት ነው።

«እሱ... በሥጋ ፋንታ የሚሰጡትን የምስር ጥብስ ‹የወፍ መኖ› ይለዋል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይህ የግል ጉዳይ ነው፣ ራስክ። መርህ ሌላ፣ ምላስ ሌላ።»

ገበሬው ኤቫልድ ሞሴ ጎተራው ደጃፍ ላይ እንደ ተገተረ ቆየው። ቀጭን ነው፤ ጎንበስ ብሎ አረም በመንቀል ጀርባው ጎብጦ ቀርቷል። ከኋላው የተከመረው ድንች በሙሉ ነጭ ጣቶቹን ዘርግቷል።

«ትናንት ወደ ማታ መጣ» አለ። «ድንቼን አየ። ‹የመጦሪያ ቤቱ ግን ለምን አላጎነቆለም?› አለኝ። እኔማ ምን አውቃለሁ? የሚወስዱት ጥቂት ጆንያ ነው። ሽማግሌ ብዙ አይበላም ብዬ ነበር። አንዱን አንስቶ ኪሱ ከተተ።»

«ደነገጠ? ተቆጣ?»

«ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ቀልድ የነገሩት ይመስል ከት ብሎ። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። ከእኔ የሚገዙት ድንቹን ሳይሆን ጆንያውን ነው ማለት ነው። መርዙን ያቆምኩት እነሱን አምኜ ነው። በዚያ አዳራሽ ያ ሁሉ እጅ ሲወጣ አየሁ፤ አባቴ ያቆየልኝን መሬት በዚያ እጅ ላይ ጣልኩት።»

«ተከትለኸው ሄድክ?»

«ፈልጌ ነበር። ሄጄ ምን ላደርግ? በሩስ መቼ ይከፈትልኛል?» ከዚያ ሳቅ ቢጤ አለ። «አለቃህ ደውሎልኝ ነበር። አደጋ ካልሆነ ገዳዩ እኔ ነኝ ሳይመስለው አልቀረም።»

«አለቃዬ ብዙ ይመስለዋል» አለ ቪጎ።

ቦዲል ቢሮዋ ውስጥ መስኮት ፊት ቆማ ጠበቀችው። ፀጉሯ አጭር፣ ጫማዋ ድምፅ የማይሰጥ፣ ስትናገር የታመመ ሰው እንደምታባብል ናት። ከግድግዳዋ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ የለም። ቪጎ ወዲያው ወደዳት፤ በመውደዱም ከፋው።

«ደረጃው ቁልቁል ነው» አለች። «ይሠራ ብለን ለማዘጋጃ ቤቱ ስንት ጊዜ አመለከትን።»

«ማን አስገባው?»

«ቁልፌ እዚህ ነው የሚንጠለጠለው። ወስዶ ወርዶ ይሆናል።»

«አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?»

«ከሆልገር ጋር። እስኪያርፍ እጁን ይዤ ነበር።»

«መስኮቱንም ከፈትሽለት።»

«እንደ ሁልጊዜው» አለች። ቪጎ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

ለበዓሉ በተዘጋጀው የምግብ አዳራሽ ውስጥ ባንዲራዎቹ ገበታው ላይ እንደተተከሉ ናቸው። ኬኩ አልተቆረሰም። ከንቲባዋ «አዝናለሁ» የሚል መልእክት ልካ ቀርታለች። ቪጎ ዳግኒን፣ ሪግሞርን፣ ኤቫልድን፣ ዩርዲስንና ቦዲልን አስቀመጣቸው። ሚከልም መጥቶ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ቶሎ በል» አለው።

«ወድቆ አይደለም የሞተው» አለ ቪጎ። «ወድቆስ ነው፤ ግን ብቻውን አልነበረም። ከድንቹ ልጀምር።»

ያጎነቆለውን ድንች ገበታው ላይ አኖረው።

«መርዝ ያልነካው ድንች ሚያዝያ ላይ ይህን ይመስላል። ጓዳው ያሉት ግን እንዳያጎነቁሉ መድኃኒት የተረጨባቸው ናቸው። ጆንያው የኤቫልድ፣ ድንቹ የርካሽ ገበያ። አስገር ይህን ከጎተራው አንስቶ ሊያስተያየው ነው ጓዳ የወረደው።»

«ምን?» ሪግሞር ብድግ አለች። «ባሌ ያን ሁሉ ጊዜ መርዝ ሲበላ ነበር? ማነው ይህን ያደረገ?»

«ቦርሳዎ ውስጥ ያለውም ያው ነው፣ መምህር። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። በሕይወቱ እንዲህ ያዘዛት ቀን ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ያሰበውን ያህል አላስደሰተውም።

«ጓዳው ውስጥ መስኮት አለ» ሲል ቀጠለ። «ዳግኒ ስትገባ ተበርግዶ አገኘችው። አልዋሸችም፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው ድንች ውርጭ መትቶት ውኃ ሆኗል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ አድሯል። ማን ከፈተው? የወደቀ ሰው ተነሥቶ መስኮት አይከፍትም።»

«አየር ፈልጎ ቀድሞ ከፍቶት ይሆናላ» አለ ሚከል።

«በውርጭ? ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ? እሺ፣ ሌላ ሰው ነው። ዳግኒ ናት? ሬሳ ተሻግራ መስኮት የዘጋች ሴት ናት። ኤቫልድ ነው? ገበሬ እጁን ትቆርጠዋለህ እንጂ ድንች በተኛበት ለውርጭ በር አይከፍትም። ቁልፍም የለው። መምህር ሪግሞርም ቁልፍ የላቸውም፤ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የተከፈተ መስኮት አይተው ምን ማለት እንደሆነ አላወቁም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ሚከል።

ዩርዲስ አፏን በእጇ ያዘች። ገብቷታል።

«እዚህ ቤት ሰው ሲሞት መስኮት ይከፈታል፤ ነፍሱ እንድትወጣ» አለ ቪጎ። «የከፈተው ሰው አስገር መሞቱን አውቋል። ደብቆ ለመሄድ ሲቸኩል እንኳ እጁ የለመደውን አደረገ። ቁልፍ ያለው፣ እጁም ይህን የለመደ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቦዲል፣ ከሆልገር ጋር ነበርኩ አልሽኝ። የሆልገርን መስኮት የከፈተችው ግን ዩርዲስ ናት። ፈልጋ አጥታሻለች። ትናንት ማታ አንቺ የከፈትሽው ሌላ መስኮት ነው።»

ቦዲል አልካደችም። የጠረጴዛውን ጨርቅ በመዳፏ አስተካከለች።

«መክፈቴን እንኳ አላስታውሰውም» አለች። «አሁን ስትናገረው ነው ትዝ ያለኝ።»

«ድንቹን የቀየርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ደንቡን ሰጡን፤ ማስፈጸሚያውን ገንዘብ ‹ከውስጥ አብቃቁ› አሉን። ከውስጥ ያለው ምንድን ነው? የሌሊት ተረኞቹ ናቸው። አንዷን ባሰናብት ሌሊት የሚጣራ ሰው የሚሰማው ያጣል። ድንች ወይስ ሰው? ከድንቹ መቀነስን መረጥኩ። በየሳምንቱ ጆንያ ስሞላ በእፍረት ሞትኩ። ግን ሰሌዳው ከመጣ ወጥ ቤቱ ይተርፋል አልኩ።»

«አስገርስ? ላጋልጥሽ አለ?»

«ቢልማ ኖሮ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ አለ። «ደረጃው አናት ላይ ቆመን ሳቀ። ‹ቦዲል፣ ለምን ደነገጥሽ? በየቤቱ ይኸው ነው። ነገ ሰሌዳውን ሰቅለን ፎቶ እንነሣለን› አለኝ። ‹ከዚያ ወጥ ቤቱ ይተርፋል?› አልኩት። ‹የሱ መዘጋትማ ባለፈው ክረምት ተወስኗል፤ የሚነገራችሁ ከፎቶው በኋላ ነው› አለኝ። ‹ሰዉ መብላት መች ፈለገ? እጁን ማውጣት ነው የፈለገው› ብሎ ከት አለ። ዝም እንዲል ነው የፈለግኩት። ደረቱ ላይ እጄን አደረግኩ።»

«ሐኪም አልጠራሽም።»

«ወርጄ አየሁት። ሞት ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እጁን ያዝኩት። ብቻውን አልሞተም።»

ዳግኒ ተነሥታ ሄደችና ከቦዲል ኋላ ቆመች፤ ቀይ እጆቿን ትከሻዋ ላይ አኖረች። ኤቫልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የወጥ ቤቱ ነገር እውነት ነው?» ሲል ቪጎ ሚከልን ጠየቀው። «ተወስኗል?»

ሚከል ጫማውን አየ። «እኔ ከንቲባዋ ስትናገር ሰምቼ ነው። ገና ይፋ አልሆነም።»

ቦዲልን ቪጎ ራሱ ይዟት ወጣ። እጇን አላሰረም። በኮሪደሩ ስታልፍ አንድ ሽማግሌ «ቦዲል፣ ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» አላት። ቆመች፤ ኮሌታውን አስተካከለችለትና «ድንች ነው» አለችው።

ማዘጋጃ ቤቱ ማጭበርበሩን ምክንያት አድርጎ ወጥ ቤቱን ዘጋው፤ ቀድሞ የተወሰነ መሆኑን የጠየቀ ጋዜጠኛ አልነበረም። ሚከል ስለ ምርመራው በቴሌቪዥን ተናገረ፤ ቆንጆ አድርጎ ተናገረ፤ የቪጎን ስም አላነሣም። ኤቫልድ መሬቱን የመርዝ መርጫ ለሚጎትት ጎረቤቱ አከራየ። ዳግኒ ሌላ ሥራ ስላጣች ምግቡ በሚመጣበት ፋብሪካ ገብታ በላስቲክ ታሽጋለች። የሌሊት ተረኞቹም ተቀነሱ። ሪግሞር አዲስ ስብሰባ ጠራች፤ አዳራሹ ሞልቶ ሁሉም እጁን አወጣ አሉ።

ቪጎ ጡረታ በወጣበት ሰሞን፣ አንድ ምሽት ከገበያ የገዛውን ርካሽ ቋሊማ መጥበሻው ላይ እያገላበጠ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ድምፀ መልካም ወጣት ሴት ናት፤ ጥናት እያደረግን ነው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው አለችው።

«በመንግሥት ተቋማት የሚቀርበው ምግብ ኦርጋኒክ እንዲሆን ይደግፋሉ፣ ይቃወማሉ ወይስ ሐሳብ የለዎትም?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከየት ይጀምር? ማንስ ይሰማዋል? በሰባተኛ ክፍል አፍ የተነገረ ነገር መቼ ተጽፎ ያውቃል? ቋሊማው ማረር ጀምሯል።

«እደግፋለሁ» አለ።

«በጣም ወይስ በመጠኑ?»

«በጣም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ በደስታ። «እስካሁን የደወልንላቸው ሁሉ እንደዚያው ነው ያሉት።»